በደጋ ዳሞት ሸለቆ ግድብ ለማቀድ፦ ከትንሹ ጅረት ይጀምሩ

ከደምበጫ ወደ ደጋ ዳሞቷ ከተማ ወደ ፈረስ ቤት በሚያወጣው መንገድ በነሐሴ የተጓዘ ሰው፣ እዚህ አገር ውሃ ይቸግራል ቢሉት አያምንም። ከየቦረቦሩ ጎርፍ ይወርዳል፣ መስኩ ውሃ ያዝላል፣ የጠምጫና የብር ወንዞች ሞልተው ወደ ዓባይ ይጋልባሉ። ያው መንገደኛ በመጋቢት ቢመለስ ትናንሾቹ ጅረቶች ተቆራርጠው ኩሬ ኩሬ ሆነው ያገኛቸዋል። የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ማቆየት የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛ ሐሳብም ነው። ችግሩ ያለው፣ ሐሳቡ እንደተወለደ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ትልቁ ወንዝ ላይ መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ ለወረዳ የውሃና የመስኖ ባለሙያ፣ ለቀበሌ የልማት ኮሚቴ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ አዋጥቶ ለትውልድ መንደሩ ግድብ ለማሠራት ለሚያስብ የአካባቢው ተወላጅ የተዘጋጀ ነው። የመሐንዲስን ሥራ አይተካም። መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት ምን ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው እንደሚገባ፣ ሲመጣም ምን መጠየቅ እንዳለበት ይናገራል።

ደረጃ 1፦ ውሃው ለምን እንደሚፈለግ በቁጥር ይጻፉ

«ለልማት» የሚል መልስ ግድብ አያስገነባም። ስንት ሄክታር፣ የማን ማሳ፣ ምን ሰብል፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር? ስንት ከብት ይጠጣል? ከተማዋም ለመጠጥ ትፈልገዋለች ወይ? ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ይስፈር።

ለሻካራ ስሌት በጎጃም የቅርብ ምሳሌያችን መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ የታቀደውም 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው። ሲካፈል ለአንድ ሄክታር ወደ 12,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በትነት የሚሄደውን፣ በቦይ የሚጠፋውን፣ ከግድቡ ሥር የሚቀረውን ሁሉ በደፈናው የያዘ ቁጥር ስለሆነ ለመነሻ ይበቃል። በዚህ ሂሳብ 30 ሄክታር ለማልማት 360,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህችን ቁጥር እስከ መጨረሻው ይዘናት እንሄዳለን።

በደጋ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ውርጭ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ድንች በውርጭ የሚመታበት ማሳ፣ ውሃ ቢኖረውም የሚያመርተው በወሩ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ገበሬ በየትኛው ሳምንት ቢዘራ እንደሚተርፍለት ይጠይቁ። መልሱ ከጥር አጋማሽ በኋላ ከሆነ ውሃው ቢያንስ እስከ ግንቦት መቆየት አለበት ማለት ነው፤ ትነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ወይም ደግሞ ግድቡ ደጋ ላይ ሆኖ ማሳው ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ይፈለግለታል።

ደረጃ 2፦ ሸለቆውን በእግር ይውረዱ

የሚፈለገው አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ሸለቆ ነው፤ ልክ እንደ እንስራ። ተራራማ አገር ላይ ጠባብ አንገት በሽ ነው፤ ሰፊ ሆድ ግን አይገኝም። ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ገደል ተቀራርቦ ያየ ሰው «ይህማ ለግድብ የተፈጠረ ነው» ይላል፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሸለቆውን ወለል አያይም።

የመጀመሪያው ግምት ቀላል ነው። ግድቡ በሚያርፍበት ቦታ የሚተኛውን ውሃ ስፋት፣ ከፍተኛውን የውሃ ጥልቀትና ውሃው ወደ ኋላ የሚዘረጋበትን ርዝመት በሜትር ያባዙ፣ ለ6 ያካፍሉ። ስፋቱ 250፣ ጥልቀቱ 12፣ ርዝመቱ 1,000 ከሆነ 500,000 ሜትር ኩብ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን የሸለቆው ወለል በ100 ሜትር 1.2 ሜትር ብቻ ሲወጣ ነው። ወለሉ በ100 ሜትር 4 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ 300 ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ያው ግድብ፣ ያው ወጪ፣ የሚይዘው ግን 150,000 ብቻ ይሆናል።

ከፍታ በመጨመር አካክሰዋለሁ የሚል ካለ የአፈሩን መጠን ያሳዩት። ጫፉ 6 ሜትር ስፋት ያለው፣ በውሃው በኩል 1 ለ3፣ በደረቁ በኩል 1 ለ2.5 ተዳፋት የሆነ የአፈር ግድብ 10 ሜትር ሲቆም በያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 335 ሜትር ኩብ አፈር ይበላል። 15 ሜትር ሲቆም ከ700 ይበልጣል። ከፍታው በግማሽ ሲጨምር አፈሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በተጨማሪም ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን «ትልቅ ግድብ» ብሎ ይመድበዋል፤ የሚጠይቀው ጥናትና ጥንቃቄም ያን ያህል ነው። ለመንደር ሥራ ከዚያ በታች መቆየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ደረጃ 3፦ አንድ ሙሉ ዓመት ውሃውን ይለኩ

በበጋ ጅረቱ ሲያንስ በቧንቧ ወይም በእንጨት አሸንዳ ሰብስበው በ20 ሊትር ጀሪካን ይቅዱ። በ8 ሴኮንድ ከሞላ ጅረቱ በሴኮንድ 2.5 ሊትር እየሰጠ ነው፤ በቀን 216 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው በርከት ሲል ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦታ ይምረጡ፣ ሎሚ ወይም ደረቅ እንጨት ጥለው በስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ይያዙ። ፍጥነቱን በውሃው ስፋትና አማካይ ጥልቀት ያባዙ፣ ከዚያ በ0.8 ያባዙት፤ ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ነው። ድልድይ ወይም ጽኑ ዐለት ካለ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተክሉና በጠዋትና በማታ የሚያነብ ሰው ይቅጠሩ። የአቅራቢያ ትምህርት ቤት መምህር ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለዚህ ይመቻል። የዝናቡን መዝገብ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይጠይቁ።

ጎርፉን ግን በመለኪያ ብቻ አይደርሱበትም፤ ታላቁ ጎርፍ እርስዎ በለኩበት ዓመት ላይመጣ ይችላል። ሽማግሌዎቹን ይዘው ይውረዱ። «በዕድሜዎ ያዩት ትልቁ ሙላት እስከ የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ፣ ያሳዩትን ዛፍና ድንጋይ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ሦስት ሰዎች ለየብቻ አንድ ቦታ ካሳዩ ለመሐንዲሱ ውድ መረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ ደለሉን ከውሃው በፊት ያስሉ

እዚህ ላይ እንቆይ፤ የኢትዮጵያ ግድቦች ትልቁ ጠላት ይህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ቆቃ ከአዋሽ በሚመጣ ደለል አቅሙን ሲያጣ ኖሯል። ጎንደርን የሚያጠጣው አንገረብም በደለል የተነሳ ከተማዋን ለውሃ እጥረት ዳርጓል። በትግራይ በትናንሽ ግድቦች ላይ በተደረገ ጥናት ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ በዓመት ከ200 ቶን ገደማ እስከ 1,800 ቶን ደለል መግባቱ ተለክቷል።

ለእኛ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው መረጃ ግን ደጃችን ላይ ነው። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ላይ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነው። 113 ሄክታር በሆነች ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ ዝናቡ፣ ጅረቱና የሚታጠበው አፈር ለዓመታት ተመዝግቧል። ዝናቡ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በጅረቱ የሚወጣው አፈር ደግሞ በአማካይ በሄክታር 25 ቶን አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 2,500 ቶን ማለት ነው። በፈረስ ቤት ዙሪያ ግድብ የሚያቅድ ሰው ይህን መዝገብ ሳያነብ ቢጀምር ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን የያዝናትን ቁጥር እናምጣ። ለስሌት እንዲመች ከአንጀኒው አማካይ ዝቅ አድርገን 2,000 ቶን በካሬ ኪሎ ሜትር እንውሰድ፤ አንድ ሜትር ኩብ ደለል 1.2 ቶን ይመዝን። ተፋሰሱ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ ወንዝ ላይ ብንገድብ በዓመት ከ33,000 ሜትር ኩብ በላይ ደለል ይመጣል። ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ በ15 ዓመት ሜዳ ይሆናል፤ ያወጡት ገንዘብ የሸንበቆና የጭቃ መስክ ገዛ ማለት ነው።

ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ባለው ጅረት ላይ ስንገድብስ? ዝናቡን 1,500 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም ወደ ጅረት የሚገባውን 30 በመቶ ብቻ ብለን ብንወስድ 1,350,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። ከምንፈልገው ሦስት እጥፍ ይልቃል። ደለሉ በዓመት 5,000፣ በ25 ዓመት 125,000 ሜትር ኩብ ነው። 360,000 ላይ ስንደምረው 485,000 ይሆናል፤ በደረጃ 2 ያየነው 500,000 የሚይዝ ሸለቆ በቅቶናል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ጎጃም ዝናብ አለው፤ ትንሽ ጅረት በክረምት ግድቡን ይሞላል። ትልቅ ወንዝ የሚጨምርልን ውሃ ሳይሆን አፈርና ጎርፍ ነው። ዝናብ ባጠረበት አገር ሰፊ ተፋሰስ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ በደጋ ዳሞት ግን ሳንገደድ የምንገባበት ዕዳ ነው።

ትንሽ ተፋሰስ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማከም ይቻላል። ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር 300 ሄክታር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀበሌ በጥር በሚወጣው የተፋሰስ ሥራ እርከን ሊሠራበት፣ ቦረቦሩን በክትር ሊያስር፣ ገደላማውን ከንክኪ ነጻ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ሥራ ከግድቡ ሁለት ዓመት ይቅደም። ግድብ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጀመር የተፋሰስ ሥራ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደለል ከገባ በኋላ የሚደርስ ነው።

ደረጃ 5፦ መስኩ የማን እንደሆነ ይጠይቁ

ሰፊ ሆድ ያለው ሸለቆ፣ ወለሉ ለጥ ያለ፣ ውሃ የማይለየው ቦታ በጎጃም ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የወል ግጦሽ ነው። በሬው ከእርሻ ሲመለስ የሚሰማራበት፣ ማሳ የሌላቸው ወጣቶችና ሴት አባወራዎች ሁለት በግ የሚያረቡበት መስክ። ግድቡ ውሃ የሚያስተኛው በትክክል እዚያ ላይ ነው። የግል ማሳ ያለው ደብተሩን ይዞ ካሣ ይጠይቃል፤ መስኩ ግን በአንድ ሰው ስም ስላልተጻፈ በስብሰባ ላይ ድምፅ የሚያጣ እሱ ነው። ከግድቡ የሚጠቀሙት ከታች ማሳ ያላቸው፣ የሚጎዱት ከላይ ግጦሽ ብቻ ያላቸው ሲሆኑ ጠቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ስለዚህ ካርታ ከመሠራቱ በፊት በየጎጡ ይቀመጡ። ሴቶቹን ለብቻ፣ መሬት አልባ ወጣቶችን ለብቻ ያነጋግሩ። በውሃ የሚያዘውን መስክ በችካል አስከብበው ሰው ሁሉ በዓይኑ ይየው። በምትኩ ምን ይሰጣል፦ ከግድቡ ዙሪያ የሣር መሬት፣ ለወጣቶቹ ዓሣ ማስገር፣ ከሚለማው ማሳ ድርሻ? መልሱ በቃለ ጉባዔ ይያዝ። ጸበል፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም መቃብር ካለ ያን ቦታ መተው ነው፤ ድርድር አይጀመርበት።

ከታች ያለውንም አይርሱ። በባህላዊ መስኖ የሚጠቀም ሕዝብ የውሃ አባት አለው፤ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ የሚዳኝ። የውሃ አባቶቹ ያልተስማሙበት ግድብ በመጀመሪያው የካቲት ይከሰሳል። በበጋ በማንኛውም ሁኔታ ወደ ታች የሚለቀቀው ውሃ መጠን ከጀሪካኑ ልኬት ተነስቶ ይወሰን፤ ለሕዝቡም ይነገር። ኋላ ላይ ተጠቃሚዎቹ በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ሲደራጁ የውሃ አባቶቹ በማኅበሩ ውስጥ ቦታ ይኑራቸው።

ደረጃ 6፦ አፈሩንና ዐለቱን ይፈትሹ

የአካባቢያችን የጮቄ ተራራ ዙሪያ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። ጥቁሩ ዐለት ከላይ ጽኑ መስሎ ውስጡ የተሰነጣጠቀ፣ ወይም በሁለት ንብብር መሀል ልል አፈር የያዘ ሊሆን ይችላል። በግድቡ ትከሻ ላይ ምንጭ የሚፈልቅ ከሆነ ውሃ በዐለቱ ውስጥ መንገድ አለው ማለት ነውና ምልክት ያድርጉ። የመሠረቱ ጥልቅ ቁፋሮ የመሐንዲሱና የጂኦሎጂ ባለሙያው ነው፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከዕቅዱ አይቀነስ።

አፈሩን ግን በእጅ መፈተሽ ይቻላል። የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረው ከየጥልቀቱ አፈር ይውሰዱ። አርጥበው በመዳፍ ያሹት፣ እንደ ክር ያርዝሙት፣ ከዚያ ቀለበት ያድርጉት፤ ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ለግድቡ እምብርት የሚሆን ሸክላነት አለው። ሁለተኛው ፈተና ይበልጣል። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጓል ጠርቶ በቆመ ንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለው ይጣሉና ሳይነኩ ይጠብቁ። ፈርሳ ክምር ብትሆን ችግር የለም። በዙሪያዋ እንደ ወተት ያለ ጉም ተነስቶ ብርጭቆውን ካደፈረሰ ግን ያ አፈር በውሃ የሚበተን ነው፤ ትንሽ ፍሳሽ ውስጡን እየበላ ዋሻ ይሠራበታል። እንዲህ ያለ አፈር ያገኙበትን ቦታ በካርታው ላይ አስምረው ለላቦራቶሪ ይላኩ። ዋልካም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲርስ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ለብቻው ግድብ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ማስተንፈሻው በዕቅዱ ፊት ይቀመጥ

የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰበት በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በሊቢያ ደርና ከተማ ከላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ዝናብ ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ የጎርፍ ማስተንፈሻው ቢቻል ከግድቡ አካል ውጭ፣ ጽኑ ዐለት ላይ ይቆረጥ። ቢያንስ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ጎርፍ ያሳልፍ፤ ከሥሩ መንደር ወይም ገበያ ካለ ከዚያ በላይ። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠበበው ማስተንፈሻው ነው፤ ይህን አይፍቀዱ። ከማስጠበብ ግድቡን ሁለት ሜትር ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ፈቃዱና የሥራ ወቅቱ

በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 መሠረት ፈቃድ፣ በአዋጅ 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ መሬት ሲወሰድ ደግሞ አዋጅ 1161/2011 ከነማሻሻያው አለ። ዲዛይኑን እንደ አማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ያለ ተቋም ሲሠራው ሌላ ዓይን እንዲያየው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የውሃ መሐንዲሶችን ይጋብዙ። ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ጋር የጤና ጣቢያውን አስተያየት ያያይዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የትግራይ ጥናት በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ለወባ መጋለጣቸውን አሳይቷል። በፈረስ ቤት ብርድ ስጋቱ ቢቀንስም ወደ ጅጋና ፍኖተ ሰላም ዝቅ ሲል የግድ የሚታይ ነው።

አፈር በደንብ የሚጠቀጠቀው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ክፍት እያለ ሰኔ ከደረሰ የዓመቱ ሥራ ይታጠባል። ስለዚህ መንገዱ፣ ካሣውና ማሽኑ ሁሉ በመስከረም ያለቀ ይሁን፤ ማሽን በጥር የሚደርስ ከሆነ ሥራውን ለቀጣዩ ጥቅምት ያሳድሩት።

ቦዩም ከግድቡ ጋር እኩል ይታቀድ። ቆጋ ላይ ሌሊት የሚመጣውን ውሃ ይዘው ለጠዋት የሚያቆዩ የማደሪያ ኩሬዎች የተሠሩት ገበሬ በሌሊት ስለማያጠጣ ነው። ለ30 ሄክታር አንድ ኩሬ ይበቃል፤ ከሌለ ግን የሌሊቱ ውሃ ወደ ወንዝ ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያውን ሙሌት የሚጠብቁ ሰዎች ይሰይሙ

በአሜሪካ አይዳሆ ቲተን የተባለው ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1976 የፈረሰው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ነው። ጠዋት የታየው ፍሳሽ እኩለ ቀን ሳይሆን ግድቡን አፍርሶታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት ውሃው በአንዴ አናት አይድረስ፤ የግድቡ የታችኛው የውሃ ማውጫ እየተከፈተ በእርከን ይሙላ።

ለዚህ ሥራ ስም ያላቸው ሰዎች ይመደቡ፤ ቀን ሁለት፣ ሌሊት ሁለት። የግድቡን የደረቅ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ይሂዱ፣ ከሥር የሚወጣውን ውሃ በጀሪካን ለክተው በደብተር ይጻፉ። ጥርት ያለና መጠኑ የማይለወጥ ፍሳሽ ይመዘገባል፣ ይጠበቃል። የጨመረ ወይም የደፈረሰ ፍሳሽ ከታየ ግን ማውጫው ወዲያው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ከሥር ያለው መንደር በደወል ወይም በጥሩንባ ይነሣል፣ መሐንዲሱ በስልክ ይጠራል። ደወሉን የሚደውለው ማን እንደሆነ፣ ሕዝቡ ወደ የትኛው ኮረብታ እንደሚወጣ ውሃ ከመያዙ በፊት በሰኔ ውስጥ ልምምድ ይደረግበት።